የአሮጌዋ ባጃጄ ማርሽ ካቦና የሸዋ በሩ መካኒክ

ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ካለኝ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ገባ ብዬ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ስለቅ ባዶ ማርሽ ላይ ቀርቷል። ባጃጇ ትጮኻለች፣ አትሄድም። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይለቀዋል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እቴ፣ ካልቻልሽ ለልጅሽ ስጪው!» ይለኛል። ልጄ ገና ስምንት ዓመቱ ነው።

ባጃጇ የወንድሜ ነበረች። በ2004 ዓ.ም. ገዛት፣ ጥቂት ዓመት ነዳት፣ ሳውዲ ሲሄድ ለኔ ትቷት ሄደ። እኔ ሰው አልጭንባትም። የኋላ ወንበሯን አስነስቼ የዳቦ ሣጥን አስገጥሜያለሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ ደሴ፣ ጢጣ ካለው ቤቴ እወጣለሁ፤ አራዳና ፒያሳ ላሉ ሻይ ቤቶች አምባሻና ድፎ አደርሳለሁ። አንድ ሰዓት ካለፈ ዳቦው ዳቦ አይደለም። ቁርስ የሚበላው ሰው አንዴ ፓስቲ ከበላ በኋላ የኔን አምባሻ ዞር ብሎም አያየው። ስለዚህ ማርሽ አልገባም ማለት ለኔ የቀን ገቢ አልገባም ማለት ነው።

ስለ ማርሹ ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። የባጃጅ ማርሽ እንደ መኪና ወለል ላይ የቆመ ዘንግ አይደለም። ግራ እጃችሁ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ እጀታውን ታዞራላችሁ። አራት የፊት ማርሽ አላት፤ የኋላው ለብቻው ሌላ ማንሻ አለው። ከእጀታው ውስጥ ሁለት ካቦ፣ በሽፋን ውስጥ የሚሄድ የብረት ገመድ ማለት ነው፣ ይወጣል። ሁለቱም በወለሉ ሥር ተጉዘው ሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ብረት ላይ ይታሰራሉ። አንዱ ሲሳብ ሌላው ይለቃል፣ ልክ በአንድ ገመድ እንደተንጠለጠሉ ሁለት ባልዲዎች። እንግዲህ አንዱ ከላላ ወይ ውስጡ ከተበላ፣ እጀታው «ሁለት» እያለ ሞተሩ አልሰማም ይላል። እኔ ይሄን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። ያኔ የማውቀው ማዞር ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኳት ትልቅ ሰሌዳ የሰቀለ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጠራም። ገና ስገባ «ባለቤቱ የታለ?» አሉኝ። ባለቤቷ እኔ ነኝ አልኩ። ሳቁ። አንዱ ልጅ ተንበርክኮ አንዲት ቡሎን አጠበቀ፣ 150 ብር ተቀበለ፣ «አሁን ቀጥ ብላለች» አለ። ለአራት ቀን ያህል ቀጥ አለች። አምስተኛው ቀን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስደርስ ከሁለት ዘላ ባዶ ላይ ቆመች። ተመለስኩ። ያቺኑ ቡሎን አጠበቁ፣ 150 ብር። በሦስተኛው ያቺኑ ቡሎን፣ 150 ብር። በአራተኛው ቡሎኗ አልጠብቅ ስትል ፊታቸውን አኮሳትረው ካምቢዮው (የማርሹ ሣጥን) ተበልቷል፣ ሞተር ይወርዳል፣ 9,000 ብር አዘጋጂ አሉኝ።

ዘጠኝ ሺህ! ስንት ኩንታል ዱቄት እንደሆነ አስሉልኝ።

እኔም እልክ ያዘኝ። የጎረቤቴ ልጅ ካቦው ይሆናል ብሎኝ ስለነበር፣ ለዱቄት ኮምቦልቻ የወረድኩ ቀን አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ የማርሽ ካቦ በ400 ብር ገዛሁ። ሞዴሏን ሲጠይቀኝ «ሰማያዊ ናት» ያልኩት እኔው ነኝ፣ በሻጩ አልፈርድም። በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ካቦውን ጉልበቴ ላይ ጠቅልዬ ይዤ ደስ ብሎኝ ነበር። እቤት ስደርስ ማን ይግጠመው?

መካኒኩን ሐጂን የጠቆመችኝ ሸዋ በር ሰፈር ሻይ የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት። ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል፤ መካ ሄደው አያውቁም። «የሄደው ወንድሜ ነው፣ ስሙ ወደኔ ዞረ» ይላሉ ሲጠየቁ። ሰሌዳ የላቸውም። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ጦሳ ተራራ በሚያስወጣው ኮብልስቶን ትንሽ ሽቅብ ትላላችሁ፤ በስተቀኝ ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሸራ የሆነ ዳስ አለ። በሩ ላይ አሮጌ የባጃጅ ጎማዎች ተደራርበዋል፣ ከጎማዎቹ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ድመት አለ። ካጣችሁት የትኛውንም የባጃጅ ሾፌር ጠይቁ።

ሁለት ሰዓት ነይ ብለውኝ አራት ሰዓት መጡ። ይሄን ቅሬታዬን አሁን ጽፌ ልገላገለው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከድመቱ ጋር ተፋጠን ተቀመጥን። ሲመጡ «አብሽሪ፣ እታለም» ብለው ቀጥታ ወደ ባጃጇ ሄዱ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን አፌን አስያዘኝ። ሞተር አላስነሱም። «ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁኝ፣ እስክጨርስ ሰሙኝ። እኔን ነው የጠየቁት፣ ባለቤቱ የታለ አላሉም። ከዚያ ከሥር ገብተው ሁለቱንም ካቦ ከሞተሩ ጫፍ ፈቷቸው። ያቺን ትንሽ ብረት በቁልፍ ያዙና ለተማሪያቸው «ግፋ» አሉት። ልጁ ባጃጇን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት፣ አንድ ክንድ ወደኋላ ያንቀሳቅሳታል። እሳቸው በዚያ መሃል ብረቷን ይገፏታል። ቀጭ። አንድ። ቀጭ። ሁለት። ቀጭ፣ ቀጭ። አራቱም ገቡ። ተመልሰውም ወጡ።

«ካምቢዮሽ ጤነኛ ነው። የታመመው ገመዱ ነው።»

«ሞተር ይወርዳል ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ለቁንጫ ብለው ጋቢ ሊያቃጥሉ» አሉና ምራቃቸውን እንትፍ አሉ።

9,000 ብሬ እዚያች ቀጭታ ላይ ተረፈልኝ። እንግዲህ ባጃጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ማርሽ አልገባም ብሏችሁ ሞተር ይውረድ ካሏችሁ፣ መጀመሪያ ካቦውን ፈታችሁ በእጅ ሞክሩልኝ በሉ። ቁልፍ የያዘ አንድ ሰውና የሚገፋ አንድ ልጅ ነው የሚፈልገው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ካቦው ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጥበብ አየሁ። ዝም ብለው አልመዘዙትም። ጫፉ ላይ ሲባጎ አሰሩ። ካቦውን በፊት በኩል ሲስቡት ሲባጎው እየተከተለ በወለሉ ሥር ገባ፤ ካቦው ወጥቶ ሲያልቅ ሲባጎው መንገዱን ይዞ ቀረ። አዲሱ ካቦ በዚያው ሲባጎ ተስቦ ነው የሚገባው። «አለበለዚያ ማታ ድረስ በባትሪ ስንፈልግ እንውላለን» አሉ። እናቴ የቀሚስ መቀነቻ ማስገቢያው ውስጥ ሲጠፋባት በመርፌ ቁልፍ እየጎተተች የምታወጣው ትዝ አለኝ።

አሮጌውን ካቦ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «እዪው» አሉ። ከላይ ደህና ይመስላል። ወደ እጀታው የሚገባበት፣ ሁልጊዜ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበትኗል። ክሮቹን በጥፍሬ ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ተበጥሰዋል። አንዱ ጣቴን ወጋኝ። የውጭ ሽፋኑም ከሻንሲው ጋር ሲፋተግ ኖሮ አንድ ጣት ያህል ተልጧል። ውሃና አቧራ የሚገባው በዚያ ነው። ውስጡ ቡና አተላ የመሰለ ዝገት ሞልቶታል።

«ቆማ ታውቃለች?» አሉኝ።

ታውቃለች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤቱን ዘግተን ወጥተን ነበር። ባጃጇን ጓሮ ገፍተን በበቆሎ አገዳ ሸፈንናት። ከወር በኋላ ስንመለስ እዚያው አለች፣ ባትሪዋ ብቻ የለም። ሌባውም ቸኩሎ ነበር መሰለኝ። ባትሪ ገዛሁ፣ አስነሳሁ፣ ተመስገን ብዬ ሥራ ጀመርኩ። ያን ሁሉ ቀን ጤዛ የጠጣውን ካቦ ማን ያስታውሰዋል? ዘይት የሚባል ነገር እንደሚፈልግም አላውቅም ነበር።

ያቺን የ150 ብር ቡሎንም አሳዩኝ። ካቦው ሲላላ መወጠሪያ ናት። ጥርሷ እስከ መጨረሻ ወጥቶ አልቋል፤ ወዴትም አትሄድም። «ገመዱ እየተበጣጠሰ ሲረዝም እነሱ ያጠብቁታል። ሲያጠብቁት የቀሩትን ክሮች ያስጨንቋቸዋል። እነሱም ይበጠሳሉ። ያኔ ደግሞ ያጠብቁታል» አሉኝ። 450 ብር ከፍዬ ካቦዬን ሳስገድል ከርሜያለሁ ማለት ነው።

የኮምቦልቻውን ካቦ በኩራት አወጣሁ። ከአሮጌው ጎን ዘረጉት። በአራት ጣት አጠረ። ተማሪው ሊስቅ ሲል ገላመጡት። እንደምንም ቢገጥም እንኳ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ይሳባል፣ ሳታስቢው ማርሽ ይቀይርብሻል አሉ። ሌላ ቦታ ይሆናል ብለው ግን ጠቅልለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እኔም እዚያ ሱቅ ሄጄ ልመልስ የሚል ወኔ አልነበረኝም። «ሰማያዊ ናት» ብያለሁ እኮ።

አዲሱን ካቦ ተማሪው ሁለት ዓይነት ይዞ መጣ። ርካሹ 450፣ ሌላው 700። በዓይን አይለዩም። ሐጂ አንዱን እንደ ቀለበት ጠምዝዘው ለቀቁት፤ እንደተጣመመ ቀረ። ሌላውን ጠምዝዘው ለቀቁት፤ ቀጥ አለ። ከዚያ ውስጡን ገመድ በሁለት ጣት ይዘው ሳቡት። የርካሹ ገርገጭ ገርገጭ ይላል፣ የሌላው ቅቤ ነው። «የቱን ትወስጃለሽ?» አሉኝ። ምርጫ የሰጡኝ መስሎኝ ርካሹን ላስብ ስል «እኔ እሱን አላስርም» አሉ። ታዲያ ለምን ይጠይቁኛል? ሁለት ባለ 700 ገዛሁ።

አሁን ደግሞ ዘይቱ። እኔ ግራሶ የሚቀባ መስሎኝ ነበር። ግራሶ ከሽፋኑ ውስጥ ሲገባ አቧራ ይዞ ይጋግራል፣ ጭንቅላቱ ላይ ብቻ ነው አሉ። ካቦውን ምሰሶው ላይ ካለ ምስማር ቁልቁል አንጠለጠሉት። የፌስታል ጥግ ቆርጠው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ የካቦው አናት ላይ በክር አሰሩት። ከዚያ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉበት። ዘይቱ በሽፋኑና በገመዱ መሃል ራሱ እየተሳበ እስከ ታች ይወርዳል። መጠበቅ ነው። በዚያ መሃል ሻይ ሻጯ ደንበኛዬ ቡና አፍልታ ጠራችን። አቦል ስንጠጣ ካቦው ጫፍ ላይ ምንም የለም። ቶና ላይ ጫፉ አብለጨለጨ። በረካውን ስንጨርስ ጠብ አለ። ሐጂ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተነሱ።

እውነቱን ለመናገር ይሄን ሥራ ሌላ ጋራዥ ቢሆን በፓምፕ ነፍቶ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር ይሆናል። ቸኩላችሁ ከሆነ እዚህ አትምጡ። የኔ ሥራ ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፈጅቷል፤ መሃል ላይ ሰላት አለ፣ ምሳ አለ፣ አንድ ሌላ ባጃጅ ጎማው ፈንድቶ እየተንፏቀቀ መጥቶ ቅድሚያ ወስዷል። ዓርብ ከሆነማ ከጁምዓ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አታገኟቸውም። ደረሰኝ የለም። ዋጋ የሚነገረው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ እኔ ይሄን አልወድም፣ ስጠይቅም «ይደርሳል» ነው መልሱ። ዳሱ ክረምት ላይ ያፈሳል ይባላል።

ካቦው በሲባጎው ተስቦ ከገባ በኋላ አብዛኛው ጊዜ የሄደው ልኩን በማውጣት ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ባዶ ማርሽ ላይ አደረጉት። ቀጥለው እጀታውን ባዶው ምልክት ላይ አቆሙት። ከዚያ ነው ሁለቱን ካቦ አስረው በመወጠሪያዎቹ እኩል የሚያመጧቸው፤ አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር። የመጀመሪያው ጋራዥ ልጅ አንዷን ብቻ ነበር የሚያጠብቃት። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ አዞሩት፤ ካቦው እንዳልተሳበ፣ ጭስ ማውጫውንም እንዳልነካ አዩ። ያ ሻንሲው የላጠው ቦታ ላይ አሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጠው ጠመጠሙበት።

ከዚያ ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። «ያዢ።»

«እኔ?»

«ሌሊት የምትወጪው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

የፍሪሲዮኑን እኔ አስተካከልኩት። መያዣው ሲጨበጥ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ መሄድ አለበት። አንድ ብር ሳንቲም አውጥተው ክፍተቱ ውስጥ አስገቡ፤ ሳንቲሙ ሳይጨናነቅ ሳይወድቅ መቆም አለበት። ጨርሶ ካጠበቅሽው ፍሪሲዮኑ ሙሉ አይለቅም፣ እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ ከልክ በላይ ካላላሽው ደግሞ ሙሉ አይለይም፣ ማርሹ እየተንጨራጨረ ይገባል አሉኝ። ሦስቴ አበላሸሁት። በአራተኛው ሳንቲሙ ቆመ። ተማሪው አጨበጨበልኝ፣ ያ ቅድም ሊስቅብኝ የነበረው።

ለሙከራ እኔ ነዳሁ። ሐጂ «ባዶዋን መፈተን ምን ዋጋ አለው፣ ጭነት ያስፈልጋል» ብለው ከኋላ የዳቦ ሣጥኑ ውስጥ ተቀመጡ። ቆባቸውን አደረጉና ሁለት እጃቸውን በሣጥኑ ጠርዝ ይዘው እንደ ንጉሥ ተነዱ። ያንን ኮብልስቶን ሽቅብ ያዝኩት። አንድ። ሁለት። ገባ! ፍሪሲዮኑን ስለቅ ባጃጇ አልጮኸችም፣ ሳበች። ከኋላ «ሦስት አትሞክሪ፣ ዳገት ነው!» ይሉኛል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሲወርዱ ጋቢያቸው ዱቄት በዱቄት ሆኗል።

ሒሳቡ ለሁለቱ ካቦ 1,400፣ ለጉልበት 500፣ ድምር 1,900 ብር ሆነ። አሮጌውን ካቦ ውሰጂው አሉኝ። ወሰድኩት።

ማታ እቤት ስደርስ የወለሉ ላስቲክ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ቡሎን ጎድሏል። በጣም ተናደድኩ። ያን ያህል ሰዓት ለሳንቲም ልክ የሚጨነቅ ሰው ቡሎን ይረሳል? በማግስቱ ዳቦውን አድርሼ ሄድኩ። ገና ሳልናገር ከቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ሁለቱን አውጥተው «ትላንት ማታ አየናቸው፣ ቁጥርሽን አልያዝንም» አሉ። ቁጥሬን አልጠየቁኝም እኮ! ስልክ ቁጥር የሚይዙበት ደብተር ቢኖራቸው ጥሩ ነበር። ዳሱ ውስጥ ያለው ብቸኛ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ በኖራ የተጻፈ የዱቤ ዝርዝር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ማርሹ ትንሽ ላላ ያለ መሰለኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ለካ አዲስ ካቦ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል። ይህንን ቀድመው ነግረውኝ ነበር፣ ረስቼው ነው። ሄድኩ፣ ሁለቱንም ሩብ ሩብ ዙር አደረጓቸው፣ ገንዘብ አልተቀበሉም። አንድ አምባሻ ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነ፤ ከጢጣ እስከ አራዳ አንድ ቀን አልዘለለችም። እሁድ እሁድ ሽፋኑን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እጀታው ሥር ያለውን ጎማ ገልጬ ክሮቹን አያለሁ፣ ሳንቲሜን አስገብቼ እለካለሁ። ልጄ ሳንቲሟን ሁለቴ ማስቲካ ገዝቶባታል።

ያ ረዳት አሁንም አለ። ባለፈው ማክሰኞ ፒያሳ ላይ በሁለተኛ አልፌው ስሄድ ምንም አላለም።

አንድ የቀረ ነገር የኋላ ማርሹ ነው። እሱም መክበድ ጀምሯል፤ ስስበው ክርር ይላል። ትላንት ለሐጂ ስነግራቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኮምቦልቻ ካቦዬን በቁልፍ ጠቆሙኝ። ቆርጬ፣ ጭንቅላት አበጅቼ እሠራልሻለሁ፣ ሐሙስ ይዘሻት ነይ፣ ሁለት ሰዓት አሉኝ። አራት ሰዓት እሄዳለሁ።